ያው ወሬ በሌላ አፍ

ልጅ ሳለሁ እቤታችን አንድ የተቀዳ ካሴት ነበር። ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ዝርዝር ደብዝዞ «የፈረንጅ» የምትለው ቃል ብቻ ቀርታለች። በአንደኛው ገጽ መሀል ላይ አንዲት ሴት ትዘፍናለች፤ ፈጣን ነው፣ ያስጨበጭባል፣ እህቴ ቤት ስትጠርግ መጥረጊያውን እንደያዘች ትወዛወዝበት ነበር። ካሴቱ ሲገለበጥ ደግሞ መጨረሻው አካባቢ አንድ ወንድ አለ። እሱ ሲጀምር እህቴ መወዛወዙን ትተዋለች። ሁለታችንም እንግሊዝኛ አናውቅም። ሰውየው ክፉ ነገር እንደሰማ ግን ማንም ሳያስረዳን ገብቶን ነበር።

ሁለቱ አንድ ዘፈን መሆናቸውን ያወቅሁት ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ቃላቱን ለይቼ መስማት ስጀምር ነው። ያን ቀን ካሴቱን ስንቴ እንዳገላበጥኩት አላስታውስም። አዝማቹ ያው፣ ታሪኩ ያው፤ ሴትየዋን ያገኛትና ሰውየውን ያገኘው ነገር ግን ለየቅል። ከዚያ ወዲህ ይህን ዘፈን ማን ማን እንደተጫወተው ሳፈላልግ ኖሬያለሁ።

ዘፈኑ «አይ ኸርድ ኢት ስሩ ዘ ግሬፕቫይን» ይባላል። ደራሲዎቹ ኖርማን ዊትፊልድና ባሬት ስትሮንግ፣ ዘመኑ 1966 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ከተማው ዲትሮይት፣ ኩባንያው ሞታውን። ሴትየዋ ግላዲስ ናይት ናት፤ ወንዱ ማርቪን ጌይ።

ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ሰው ፍቅረኛው ትታው ወደ ቀድሞ ወዳጇ ልትመለስ መሆኑን ይሰማል። የሰማው ግን ከእሷ አይደለም፣ ከሰው ነው። የዘፈኑ ቁስል ያለው እዚህ ላይ ነው። መከዳት አንድ ነገር ነው፤ መንደሩ ሁሉ ካወቀ በኋላ የራስን ጉዳይ መጨረሻ ላይ መስማት ሌላ ነው። ዘፈኑ ውስጥ ተደጋግሞ የሚነሳው ቅሬታም «ለምን ተውሽኝ» ሳይሆን «ለምን አንቺው ራስሽ አልነገርሽኝም» የሚል ዓይነት ነው።

«ግሬፕቫይን» ቃል በቃል የወይን ሐረግ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ከአፍ ወደ አፍ የሚሄድ ወሬ መጠሪያ ሆኗል። የቴሌግራፍ ሽቦ በቀጥታ ከምሰሶ ምሰሶ ይዘረጋል፤ ይህኛው ግን እንደ ሐረግ እየተጠማዘዘ፣ ከአጥር አጥር እየተሻገረ ይደርሳል። ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በ1901 በታተመው «አፕ ፍሮም ስሌቨሪ» የሕይወት ታሪኩ፣ በባርነት ውስጥ የነበሩት ወገኖቹ ስለ እርስ በርስ ጦርነቱና ስለ ነፃነታቸው ጉዳይ ወሬ የሚያገኙት በዚሁ «የወይን ሐረግ ቴሌግራፍ» እንደነበር ጽፏል። ማንበብ ያልተፈቀደለት ሕዝብ ጋዜጣው ይህ ነበር። ስለዚህ ቃሉ ለጥቁር አሜሪካዊ ጆሮ ተራ ሐሜት ብቻ አይደለም፤ ጌቶች የማይሰሙት እውነት የሚመጣበት መንገድም ነው። እኛ «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» እንላለን። የዚህ ዘፈን ሰው ወሬውን አጣጥሎ ማለፍ ያቃተው፣ በዚያ መንገድ የሚመጣ ወሬ ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ ስለተገኘ ይመስለኛል።

ሐሳቡን ያመጣው ባሬት ስትሮንግ ነው። ስትሮንግ የሞታውንን የመጀመሪያ ተወዳጅ ዘፈን «መኒ»ን የዘፈነ ሰው ነው። ከዚያ የድምፃዊነቱ መንገድ አልሰምር ብሎት ቺካጎ ከርሞ ነበር፤ ሰው ሁሉ በየንግግሩ ይቺን አባባል ሲጠቀም እየሰማ፣ እስከዛሬ ማንም ዘፈን አላደረጋትም ብሎ ይዟት ወደ ዲትሮይት ተመለሰ። ለዊትፊልድ አሳየው። ዊትፊልድ ያኔ ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ፣ ያመነበትን ነገር የማይለቅ ፕሮዲዩሰር ነበር። ይህ ግትርነቱ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ስለዚህ ዘፈን የምናወራው ነገር አይኖርም።

አንድ ኩባንያ አንድን ዘፈን ለምን ደጋግሞ ያስቀርጻል? የሞታውን መሥራች ቤሪ ጎርዲ ከሙዚቃው በፊት የሊንከንና የመርኩሪ መኪና መገጣጠሚያ ውስጥ ሠራተኛ ነበር። ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ በ1959 ኩባንያውን ሲከፍት፣ ዌስት ግራንድ ጎዳና ላይ የገዛውን መኖሪያ ቤት ጋራዡን ስቱዲዮ አደረገውና አሠራሩንም ከፋብሪካው ቀዳ። የግጥምና ዜማው መብት የራሱ የጎርዲ አሳታሚ ድርጅት የጆቤት ነው። ስለዚህ አንድ ጥሩ ዘፈን አምስት ድምፃዊ ቢሞክረው ለቤቱ ትርፍ እንጂ ኪሳራ የለውም። አርብ አርብ ጠዋት ስብሰባ አለ፤ የሳምንቱ ቀረጻዎች ይሰማሉ፣ ድምፅ ይሰጣል። ጎርዲ ለተሰብሳቢው የሚያቀርበው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ ኪስህ ውስጥ የቀረችህ የመጨረሻ ብር ብትሆን፣ ተርበህም ቢሆን፣ ይህን ሸክላ ትገዛለህ ወይስ ሳንድዊች? የእኛ ዘፈን መጀመሪያ በተሰማበት ጊዜ ሳንድዊቹ አሸነፈ።

መጀመሪያ የቀረጹት ስሞኪ ሮቢንሰንና ሚራክልስ ናቸው፣ ነሐሴ 1966። ጎርዲ አልወደደውም፤ ቀረጻው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠና በ1968 «ስፔሻል ኦኬዥን» የተባለው አልበማቸው ውስጥ ወጣ። ዛሬ ሲሰማ ምን ጎደለው? በሙያ ምንም። ስሞኪ ያ ሐር የመሰለ ቀጭን ድምፁ አለ፣ ባንዱም ያው የሞታውን ባንድ ነው። ግን ስሞኪ ሲያዝን ደስ የሚል ሰው ነው፤ ለቅሶው ራሱ ለስላሳ ነው። ወሬውን ሰምቶ የመጣ ሳይሆን ስለ ወሬ ቆንጆ ግጥም የጻፈ ሰው ይመስላል። ክፉ ቀረጻ ነው ለማለት አይደለም። ዘፈኑ ገና ቤቱን አላገኘም ነበር።

በሁለተኛነት የቀረጸው ማርቪን ጌይ ነው፣ በ1967 መጀመሪያ ወራት፣ በተለያዩ ክፍለ ጊዜያት። እሱም አለፈው። ጎርዲ በምትኩ ሌላ የፍቅር ዘፈኑ በሲንግል እንዲወጣ ወሰነ። ሦስተኛዋ ግላዲስ ናት። ሕዝብ የሰማው ግን በተገላቢጦሽ ነው፤ በመጀመሪያ የሦስተኛዋን፣ ከዓመት በኋላ የሁለተኛውን። ይህን ቅደም ተከተል ይዞ መቆየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የግላዲስን ቀረጻ «ሌላኛው» ብሎ የሚጠራው ነገሩ ስለተምታታበት ነውና።

ግላዲስ ናይት የአትላንታ ልጅ ናት። ያደገችው በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ነው፤ በሰባት ዓመቷ በቴሌቪዥን የአማተሮች ውድድር አሸንፋለች። ፒፕስ የተባሉት ተቀባዮቿ ወንድሟና የአጎቶቿ ልጆች ናቸው። ይህ ዝምድና ቀረጻው ላይ ይሰማል። ዊትፊልድ ሙዚቃውን በቴፕ ሲሰጣቸው እቤታቸው ወስደው ለሳምንታት ድምፅ በድምፅ ሠሩት እንጂ ስቱዲዮ ገብተው የተጻፈላቸውን አልዘፈኑም። በ1967 ጸደይ ላይ የአሬታ ፍራንክሊን «ሪስፔክት» አሜሪካን እያንቀጠቀጠ ነበር፤ ዊትፊልድም ለዚያ መልስ የሚሆን ነገር ይፈልግ ነበር።

አሁን አስጠግተን እንስማው። ግላዲስ ስትገባ ከበሮው ቀድሟታል። ፍጥነቱ የእሑድ ጠዋት ፍጥነት ነው፣ ሰባኪው ሞቆ ምእመኑ ከወንበሩ የተነሳበት ሰዓት። እሷ አንድ ሐረግ ትጥላለች፣ ፒፕስ ከሥር ይይዙታል። ሥራቸው አዝማች መድገም ብቻ አይደለም፤ ምስክሮች ናቸው። ሴትየዋ «ሰማሁ» ስትል፣ ከኋላዋ የቆሙት ሦስት ወንዶች «አዎ፣ እኛም ሰምተናል» የሚሏት ይመስላል። የእሷ መንደር ከእሷ ጋር ነው። ልጅ ሳለሁ እህቴን ያስወዛወዛት ይህ መሰለኝ፤ ሴትየዋ ተበድላለች፣ ብቻዋን ግን አይደለችም። ወሬውን ይዛ ወደ ሰውየው ቤት እየሄደች ነው፣ ቤተ ዘመዱም ተከትሏታል። ድምፅዋ ሲሰነጠቅ እንኳ ከጉልበት ብዛት እንጂ ከድካም አይደለም። ግጥሙ ስለ ወንድና ስለ እንባ የሚያነሳው ነገር አለ፤ በሴት አፍ ሲሆን ቃሉ መለወጥ ነበረበት። ሲለወጥም ስሜቱ አብሮ ተለወጠ፤ ማልቀስ ለእሷ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ እንባዋን በአደባባይ ይዛ ትወጣለች።

ሸክላው በመስከረም 1967 ወጣ። በአር ኤንድ ቢ ሰንጠረዥ አንደኛ፣ በአጠቃላዩ ሁለተኛ ሆነ፤ ሽያጩም ከሁለት ሚሊዮን አለፈ። ሞታውን እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ያህል የሸጠው ሲንግል አልነበረም። ጎርዲ ሁለት ጊዜ የገፋው ዘፈን ነው እንግዲህ።

ወደ ማርቪን ጌይ ስመጣ መጠንቀቅ አለብኝ፤ ለዚህ ቀረጻ አዳላለሁ፣ አልደብቅም።

የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ማንም ይለያቸዋል። ኤሌክትሪክ ፒያኖው አንድ አጭር ሐረግ ይዞ ይደጋግማል፤ ዝቅ ብሎ፣ እንደ ኮቴ። ከሥሩ አታሞው ይንቀጫቀጫል። ቀንደ መለከቱ ከሩቅ ይገባል፣ ቫዮሊኖቹ ይነሳሉ። ማንም አንድ ቃል ሳይናገር ነገር ተፈጥሯል። የክሮቹን ቅንብር የሠራው ፖል ራይዘር ነው፤ ቫዮሊን ያነሱት የዲትሮይት ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ተጫዋቾች ናቸው። ከበሮና ባሱን የያዙት ፈንክ ብራዘርስ የሚባሉት፣ ማታ ማታ በጃዝ ክበብ የሚጫወቱ፣ ቀን ቀን «የእባብ ጉድጓድ» ብለው በሰየሙት በዚያ ጋራዥ የሚውሉ ሙዚቀኞች ናቸው። ስማቸው በሞታውን ሸክላ ሽፋን ላይ የተጻፈው እስከ 1971 ድረስ ተጠብቆ፣ ያውም በዚሁ በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» አልበም ነው። ተቀባዮቹ ዘ አንዳንቴስ የተባሉ ሦስት ሴቶች ናቸው። እነሱም በመቶዎች በሚቆጠሩ የቤቱ ቀረጻዎች ውስጥ አሉ፤ የሚያውቃቸው ግን ጥቂት ነው። ይህ ያንገበግበኛል። የሸክላው አንድ ሦስተኛ እነሱ ናቸው።

ከግላዲስ ጋር ያለው ልዩነት በነዚህ ሦስት ሴቶች ላይ ይጎላል። ፒፕስ ከዘፋኟ ጎን ነበሩ። አንዳንቴስ ግን ከማርቪን ጎን አይደሉም። ቀዝቀዝ ብለው፣ ከፍ ካለ ቦታ ሆነው ነው የሚቀበሉት። ለእኔ ጆሮ እነሱ ራሳቸው ወሬው ናቸው፤ በመስኮት በኩል የሚንሾካሾኩት ጎረቤቶች። እሱ በነሱ መካከል ብቻውን ነው። መንደሩ ለግላዲስ ቆሟል፤ ማርቪንን ግን ከቦታል።

ከዚያ ድምፁ አለ። ማርቪን ጌይ በባሕርዩ ለስላሳ ዘፋኝ ነው። አባቱ ሰባኪ ነበሩ፤ እሱ ግን እንደ ናት ኪንግ ኮልና እንደ ፍራንክ ሲናትራ ወንበር ላይ ተቀምጦ ረጋ ያለ የፍቅር ዘፈን መዝፈን ነበር ምኞቱ። ዊትፊልድ ሆን ብሎ ዘፈኑን ለማርቪን ከሚመቸው በላይ ከፍ ባለ ቶን አስጀመረው። ይህን ዘዴ ከቴምፕቴሽንስ ዘፋኝ ከዴቪድ ረፊን ጋር «ኤይንት ቱ ፕራውድ ቱ ቤግ» ላይ ሞክሮት ሠርቶለታል። ሰው አቅሙ ወደማይደርስበት ሲንጠራራ የሚወጣው ድምፅ ትወና አይደለም። ማርቪን ተቃወመ፣ ተጋጩ፤ በመጨረሻ ዘፈነው። ከፍ ያሉት ቦታዎች ላይ ጉሮሮው ሲሻክር፣ ወዲያው ደግሞ ድምፁ ቀጥኖ ሲያመልጠው የሚሰማው ይህ ትግል ነው። ሰውየው መጮህ ይፈልጋል፣ ክብሩ ይይዘዋል፣ ድምፁ ግን አሳልፎ ይሰጠዋል።

የዚህ ቀረጻ ድምፅ ብቻውን፣ ሙዚቃው ተነጥሎ ሲሰራጭ ብዙ ሰው ሰምቶታል። አንድ ምሽት በጆሮ ማዳመጫ፣ መብራት አጥፍቼ ሰማሁት። ከበሮ የለም፣ ቫዮሊን የለም። የገረመኝ ጩኸቱ አልነበረም። ከስንኝ ስንኝ መካከል ያለው ትንፋሽ ነው፤ የሚቀጥለውን ቃል ለማውጣት አየር የሚስብበት ያች ቅጽበት። ሲጀምር እየጠየቀ ነው፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ እየለመነ ነው፣ መጨረሻው ላይ መልስ እንደማያገኝ ገብቶታል። ያለ አንድ መሣሪያ ይህ ሁሉ አለ። መሣሪያዎቹ ሲመለሱ ደግሞ ከበሮው የልብ ምት፣ ፒያኖው የማይሄድ ጥርጣሬ ሆኖ ይሰማል።

ግላዲስ እውነቱን አውቃ ነው የመጣችው። ማርቪን ግን ገና ባላመነና ባመነ መሀል ላይ ነው የተያዘው፤ ሦስቱን ደቂቃ ሙሉ እዚያው ያቆየናል። እህቴን መጥረጊያ ይዛ ያስቆማት ይህ ነው። በዚህ ምክንያት ከሁሉም ይበልጣል እላለሁ።

ይህ ቀረጻ ከአንድ ዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። በነሐሴ 1968 «ኢን ዘ ግሩቭ» በተባለው አልበም ውስጥ እንደ ማሟያ ገባ። የሬዲዮ ሰዎች ናቸው ያወጡት፤ በቺካጎው የጥቁሮች ጣቢያ ደብሊው ቪ ኦ ኤን ሲሰማ ስልኩ አላቋርጥ አለ። ወሬው በወሬ መንገድ ደረሰ ማለት ነው፤ ኩባንያው ሳይነግራቸው ሕዝቡ እርስ በርሱ ተነጋግሮ አገኘው። በጥቅምት መጨረሻ በሲንግል ወጣ፣ በታኅሣሥ አንደኛ ሆነ፣ ለሰባት ሳምንት ከዚያ አልወረደም። በተከታዩ ዓመት እንግሊዝ ውስጥም አንደኛ ሆነ። አልበሙም ስሙ ተቀይሮ በዘፈኑ ተጠራ። ግላዲስ ቅር መሰኘቷን አልደበቀችም፤ ሊፈረድባት አይገባም። ከዓመት በፊት የቤቱ ትልቁ ሸክላ የእሷ ነበር፤ ያው ቤት፣ ያው ፕሮዲዩሰር፣ በዚያው ዘፈን ሸፈኗት። ለማርቪንም ቢሆን ደስታው ሙሉ አልነበረም። አብራው ጥንድ የምትዘፍነው ታሚ ቴሬል በጥቅምት 1967 ቨርጂኒያ ውስጥ መድረክ ላይ ወድቃ፣ የጭንቅላት ዕጢ ተገኝቶባት በሕመም ላይ ነበረች።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ለኢትዮጵያዊ አድማጭ አንድን ዘፈን በብዙ ድምፅ መስማት አዲስ አይደለም፤ ትዝታ አለን። የመሐሙድ ትዝታ፣ የበዛወርቅ ትዝታ፣ የአስቴር ትዝታ እያልን ነው የምንለየው። ግን አሠራሩ ተቃራኒ ነው። ትዝታ ላይ ቅኝቱና ዜማው ጸንቶ ግጥሙን እያንዳንዱ ከየሆዱ ያመጣል። ዲትሮይት ውስጥ ግጥሙ ጸንቶ ሌላው ሁሉ ይነቀላል፤ ፍጥነቱ፣ ቶኑ፣ ተቀባዩ፣ ከበሮው። ሁለቱ ዓለማት ደግሞ ጨርሶ አይተዋወቁም ማለት አይቻልም። በዚያው ዘመን አስመራ የነበረው የአሜሪካኖቹ የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ የሀገራቸውን ሙዚቃ ያሰማ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ እነ ዓለማየሁ እሸቴ የሶልን አዘፋፈንና አለባበስ በራሳቸው ቋንቋ ሲያነሱ፣ አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲከፍት፣ ይህ ነፋስ ውስጡ ነበር። የእቤታችን ካሴት በምን በኩል እንደመጣ ባላውቅም፣ የማርቪን ድምፅ እንግዳ ያልሆነብን ምናልባት ከዚያ በፊት በአማርኛ የሰማነው ነገር ስለነበረ ይሆናል።

ከማርቪን በኋላ የመጡት ሁሉ አንድ ችግር አለባቸው፤ ቤቱ ተይዟል። በ1969 ቴምፕቴሽንስ በ«ክላውድ ናይን» አልበማቸው ዘፍነውታል፣ ራሱ ዊትፊልድ ነው ያሠራቸው፤ ጥሩ ነው፣ አያስፈልግም። የተሻለ ያሰቡት ቤቱን ትተው ሌላ መንገድ የያዙት ናቸው።

ክሪደንስ ክሊርወተር ሪቫይቫል በ1970 «ኮስሞስ ፋክተሪ» ላይ ያደረጉት ይህን ነው። የካሊፎርኒያ ነጭ ሮከሮች ናቸው፤ ጆን ፎገርቲ በሻካራ ድምፁ ዘፈኑን ይይዝና ከዚያ ጊታሩ ይረከበዋል። ሁሉም ተደምሮ ከ11 ደቂቃ በላይ። ለረጅም ጊዜ ይህን ቀረጻ አልወደድኩትም ነበር፤ ሐዘን የት አለ እያልኩ። በኋላ አንድ ሌሊት በረጅም መንገድ ላይ፣ መኪና ውስጥ ስሰማው ገባኝ። ክፉ ነገር የሰማ ሰው ሁሉ አይጮህም፤ አንዳንዱ ተነስቶ ይሄዳል፣ መድረሻ ሳይኖረው። ያ የማያልቅ ጊታር ያን የመሰለ ጉዞ ነው። ከበሮው አይቸኩልም፣ አይቆምም። ቃል ካለቀ በኋላ ያለውን ሰዓት የሠራው ይህ ቀረጻ ብቻ ነው።

በ1979 ለንደን ውስጥ ዘ ስሊትስ የተባሉ ፓንክ ሴቶች ደግሞ የባሱን መስመር በአፋቸው እያንጎራጎሩ ይጀምሩታል። ድምፃዊቷ አሪ አፕ ያኔ 17 ዓመቷ ነው። የጃማይካ ሙዚቃ ወዳጆች ስለነበሩ ሙዚቃውን ክፍት አድርገው፣ ባሱን ወደፊት አምጥተው፣ የቀረውን በተኑት። አንዳንዱ ሰው እንደ ቀልድ ይወስደዋል፤ እኔ አልወስደውም። በግላዲስ ዘንድ ተበዳይ የነበረችው ሴት እዚህ ደንታ የላትም፤ ወሬውን ሰምታ ከጓደኞቿ ጋር ትጫወትበታለች። ይህም አንድ የእውነት መልክ ነው፣ በተለይ በ17 ዓመት።

ሮጀር ትራውትማን በ1981 ያደረገው ደግሞ ከሁሉም ያስደንቀኛል። ቶክ ቦክስ የሚባለውን መሣሪያ ይጠቀማል፤ የኪቦርዱ ድምፅ በፕላስቲክ ቱቦ ወደ አፍ ይገባል፣ ዘፋኙ ድምፅ ሳያወጣ በከንፈርና በምላሱ ብቻ ቃል ያደርገዋል፣ ማይክሮፎኑ ይቀበለዋል። የሚወጣው የሰውም የማሽንም ያልሆነ ነገር ነው። ወሬ ራሱ አፍ አውጥቶ ቢናገር እንዲህ ይመስላል ብዬ አስባለሁ፤ የማንም ያልሆነ ድምፅ፣ በቱቦ የመጣ። ዘፈኑም ለሦስተኛ ጊዜ በአር ኤንድ ቢ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ግላዲስ፣ ማርቪን፣ ሮጀር፤ በ14 ዓመት ውስጥ ሦስት ሰዎች በአንድ ዘፈን።

ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው የንግድ ታሪክ ነው። «ዘ ቢግ ቺል» ፊልም በ1983 የማርቪንን ቀረጻ መግቢያው ላይ አስገባው፤ በ1986 የካሊፎርኒያ ዘቢብ አምራቾች ማስታወቂያ ላይ ከጭቃ የተሠሩ ዘቢቦች በበዲ ማይልስ ድምፅ ዘፈኑት። ዘቢብ ከወይን፣ ወይን ከሐረጉ፤ ነገሩ የተያያዘው በርዕሱ ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ትውልድ ዘፈኑን ያወቀው በዚያ መሆኑ ያሳዝነኛል። በ2006 የመጨረሻ ምሽት ኤሚ ዋይንሃውስና ፖል ዌለር በጁልስ ሆላንድ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ አብረው ሲዘፍኑት ግን ወደ ቦታው የተመለሰ መሰለኝ። እሷ ከግላዲስ ጉልበት፣ ከማርቪን ደግሞ ያን ጥርጣሬ ወስዳለች።

ለሚጀምር ሰው የምመክረው ቅደም ተከተል አለ። ግላዲስን አስቀድሙ። የ1967 አድማጭ እሷን ነበር የሰማው፤ ማርቪንን ቀድሞ የሰማ ሰው ለእሷ ፍትሐዊ መሆን ይቸግረዋል። በአንድ ቀን ሁለቱን አትስሙ፤ ማርቪንን ለሌላ ምሽት አቆዩት፣ ቤቱ ዝም ሲል። ስሞኪን ከነሱ በኋላ ብትሰሙት ዊትፊልድ ምን ያህል እንደተጓዘ ይገባችኋል። ክሪደንስን መንገድ ላይ፣ ሮጀርን ጮክ አድርጋችሁ።

ስትሰሙም አንድ ነገር አስተውሉ። በነዚህ ሁሉ ቀረጻዎች ውስጥ አንድ ሰው አይናገርም፤ ስሙ የጠፋው፣ ይሄዳል የተባለው፣ የሚጠየቀው ሰው። ግላዲስ ትጠይቃለች፣ ማርቪን ይለምናል፣ ፎገርቲ ጊታሩን ይዞ ይሄዳል፣ ሙዚቃው ቀስ በቀስ ይጠፋል። እኔ እስከዛሬ ከሰማኋቸው ውስጥ ያ ሰው መልስ የሰጠበት የለም።